ቪቬካ ራስክና ሦስተኛው ምት

ቪቬካ ራስክ መሞቷን የሰማችው አንድ ሐሙስ ቀን፣ የአተር ሾርባዋን እየበላች ሳለ ነው።

በግራንሂታ ብረት ፋብሪካ የምሳ ክፍል ሐሙስ የአተር ሾርባ ቀን ነው፤ ከሾርባው በኋላ ፓንኬክ ከነማርማላታው ይከተላል። ቪቬካ እንደ ልማዷ ሰናፍጩን ከሳህኗ ጠርዝ ላይ አኑራ፣ ጀርባዋን ለማሞቂያው ሰጥታ ተቀምጣለች። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ ሃያ ስምንቱን ያሳለፈችው ከመሬት አሥራ አራት ሜትር ከፍ ብላ፣ በክሬን ሳጥን ውስጥ፣ የጋለ ብረት ከወዲያ ወዲህ ስታመላልስ ነው። ስለ እሷ የተጠየቀ ሰው "እጇ የረጋ ነው" ይላል እንጂ የሚጨምረው የለውም። ብዙ አትናገርም፤ ብዙም አትጠየቅም።

ከጠረጴዛው ማዶ ሬዛ ነበር። ሬዛ ከቦርሌንጌ ከተማ እየተመላለሰ የሚሠራ የሠላሳ አራት ዓመት ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ፋብሪካው ከገባ ገና ሰባት ወሩ። ወሬ ከጀመረ እጁ አያርፍም። ያን ዕለት ደግሞ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል። ባለፈው እሑድ ከአንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ፣ ከገና መዝሙር ሸክላዎች ስር፣ ለዓመታት ሲያድነው የኖረውን አልበም አግኝቷል። ስላግሆግ የሚባል፣ አንድ አልበም ብቻ አውጥቶ ድራሹ የጠፋ፣ ዴዝ ሜታል የሚሉትን የሚያጓራ ከባድ ሮክ የሚጫወት ባንድ ነው፤ የአልበሙም ስም "ሦስተኛው ምት"። ይህን ሁሉ የሚተርከው ለሩኔ ነው። ሩኔ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀረው የጥገና ሠራተኛ ሲሆን፣ ከአኮርዲዮን በቀር ሙዚቃ አለ ብሎ አያምንም።

"ስማኝ ሩኔ፣ ይህ ከበሮ መቺ በዚህ አገር ከተፈጠሩት ሁሉ ይበልጣል። ማንም ግን አያውቀውም" አለ ሬዛ።

"ማንም ካላወቀው ላንተ ማን ነገረህ?"

"ጆሮዬ።"

"እሱን ፋብሪካው ገና አልበላብህም። ትንሽ ቆይ" አለና ሩኔ ስኑስ የሚሏትን የትንባሆ ከረጢት ከላይኛው ከንፈሩ ስር አስተካከላት።

ሬዛ አልተበገረም። ከሸክላው ቀድቶ ስልኩ ላይ የያዘውን ዘፈን እየፈለገ፣ ስለ ከበሮ መቺው የሚያውቀውን ዘረዘረ። ሽፋኑ ላይ ያለው "ቪ. ራስክ" ብቻ ነው። ቪክቶር ነው ይላሉ። ምስኪን፣ አልበሙ በወጣ በሦስተኛው ዓመት በሞተር ብስክሌት ሞቷል። ይህ ኢንተርኔት ላይ ተጽፎ፣ ሃያ ሰዎች ከስሩ ነፍስ ይማር ብለውለታል።

የቪቬካ ማንኪያ አየር ላይ ቆመ። ወዲያው ከስልኩ ትንሽ ቀዳዳ ዘፈኑ ወጣ። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ የሰማችው የመጀመሪያ ድምፅ እንደ ሰንሰለት የሚጎተት ቤዝ ነበር፤ ከዚያ ጊታሩ፣ ከዚያ የገዛ እጇ።

"ይህማ ዘይት የጠማው መጋዝ ነው" አለ ሩኔ።

"አይ፣ ቆይ፣ እዚህ ጋ ስማ። እነዚህ ሁለቱ እግሮቹ ናቸው። ሁለት የከበሮ ፔዳል እያፈራረቀ ነው እንዲህ የሚያፈጥነው።"

"ሁለት እግር አይደለም" አለች ቪቬካ።

ሬዛ ቀና አለ። በሰባት ወር ውስጥ ከአፏ የሰማው ከ"ደህና ዋል" የበለጠ አልነበረም። "ምን አልሽ?"

"አንድ እግር ነው። ሁለተኛው ፔዳል በቀረጻው የመጀመሪያ ቀን ተሰብሮ ነበር። የቀረው ሁሉ በቀኝ እግር ነው የተመታው። ለዚያም ነው አራተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ ትንሽ የሚጎተተው፤ ባቴን ጨምድዶኝ ነበር።"

ሩኔ ፊቱን ቀስ ብሎ አዞረና ከቪቬካ የሥራ ጃኬት ላይ፣ ከግራ ደረቷ በላይ የተሰፋውን ስም ተመለከተ። ሃያ ስምንት ዓመት ሲያየው የኖረ ስም ነው።

"አንተ ኤሌክትሪሺያን፣ ማንበብ ከቻልክ ደረቷ ላይ ያለውን አንብብልኝ እስቲ" አለ።

ሬዛ አነበበ። ተነሣ። መልሶ ተቀመጠ። "አንቺ እኮ ሞተሻል" አለ በመጨረሻ።

"እሺ፣ መጀመሪያ ሾርባዬን ልጨርስ" አለች ቪቬካ። ጆሮዋ ግን እስከ ጫፉ ቀልቶ ነበር።

*

ቪቬካ እንዴት ከበሮ መቺ ሆነች ለሚል ሰው፣ ነገሩ የሚጀምረው ከአያቷ ጫማ ነው። አያቷ አልጎት፣ የእናቷ አባት፣ በሥራ ቀን ማቅለጫው ዘንድ ሲጠበስ ይውልና በበዓል ቀን ቫዮሊን ይጫወት ነበር። የሚጫወተው ፖልስካ የሚሉትን የአገሬውን የጭፈራ ዜማ ነው። ፖልስካ ባለ ሦስት ምት ነው፤ ሦስቱ ምቶች ግን እኩል አይደሉም። አንደኛው ይቸኩላል፣ ሁለተኛው ይለጠጣል፣ ሦስተኛው ሰው "ቀረ" ብሎ ተስፋ ሲቆርጥ ይወድቃል። አልጎት እየተጫወተ በግራ እግሩ ወለሉን ይደልቃል። ሌሎቹ ልጆች ቫዮሊኑን ያያሉ፤ ቪቬካ ጫማውን። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ያን ድለቃ በአጥንቷ ትሰማው ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ወደ ከተማው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሄዳ ከበሮ ጠየቀች። መምህሩ ዋሽንት ሰጣት። ዋሽንቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከከበሮው አጠገብ ተቀመጠች፤ ሦስት ሳምንት እንዲሁ ተቀመጠች። በአራተኛው መምህሩ ዱላዎቹን አቀበላት።

አሥራ ሰባት ሲሆናት ከምግብ መደብሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አየች፤ "ከበሮ መቺ ይፈለጋል። ፈሪ አይምጣ።" አድራሻው የእሳት አደጋ ጣቢያው ምድር ቤት ነው። በሩን የከፈተላት ዮርገን ነበር፤ ዘፋኙ፣ ጸጉሩ እስከ ወገቡ የደረሰ ቀጭን ልጅ።

"የማን እህት ነሽ?" አላት።

"የማንም። ከበሮው የት ነው?"

ውስጥ ጊታሪስቱ ቶርቢዮንና ቤዝ የሚጫወተው ሮኒ ነበሩ። የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሆነው የሮኒ አባት ነው ምድር ቤቱን የሰጣቸው። ቪቬካ አንድ ዘፈን አብራቸው መታች። ሲጨርሱ ሮኒ ተነሥቶ ከሌላ ከበሮ መቺ ጋር የያዙትን ቀጠሮ ለመሰረዝ ወደ ስልክ ሄደ። ባንዱን በፋብሪካው ጀርባ ባለው፣ በልጅነታቸው ሲንሸራተቱበት ባደጉት የብረት ዝቃጭ ክምር ስም ስላግሆግ አሉት።

በዚያ ዘመን በየከተማው ምድር ቤት ያለ ባንድ ሁሉ ማን ይፈጥናል በሚል ፉክክር ተይዞ ነበር። ቶርቢዮን አንድ ክረምት የሠራው የጊታር ሐረግም እንዲሁ ቀጥ ያለ፣ አራት በአራት የሚሮጥ ነበር። ሐረጉ ጥሩ ነው፤ ግን በድን ነው። ሃያ ጊዜ ሞከሩት። በሃያ አንደኛው ቪቬካ ሰልችቷት ከስሩ የአያቷን እግር ከተተችበት። ሦስት ምት፣ እኩል ያልሆነ። ቶርቢዮን ጊታሩን በመዳፉ ጸጥ አደረገው።

"ምን አደረግሽ?"

"ምንም።"

"እስቲ ያንኑ ምንም ድገሚው።"

ደገመችው። ዮርገን መግቢያው ጠፋው፤ አፉን ይከፍታል፣ ምቱ አልፎታል። "በሩ የት እንደሆነ አንድ ሰው ያሳየኝ" እያለ ሁለት ሳምንት ተሰቃየ። በመጨረሻ ቪቬካ ክንዱን ይዛ እንደ ጭፈራ አዞረችው፤ ሰውነቱ ሲያውቀው ጉሮሮውም አወቀው። ከዚያ ወዲያ ማን ያቆማቸው። ሰባት ዘፈን ሠሩ። ከወተት ማቀነባበሪያ ወደ ስቱዲዮነት በተለወጠ ቤት፣ ነጭ ሴራሚክ በተለበጠ ግድግዳ መካከል፣ በአራት ቀን ቀዱት። ቪቬካ ሃያ ዓመቷ ነበር። በአራተኛው ቀን ሲወጡ የመጀመሪያው የጸደይ ፀሐይ መኪናው ላይ አርፎ ነበር፤ አራቱም ጣሪያው ላይ ወጥተው ቋሊማና ደረቅ ዳቦ በሉ። ዓለምን የያዙ መስሏቸው ነበር።

አልበሙ ግን በወጣበት ወቅት ነፋሱ ዞሮ ነበር። የሰው ጆሮ ወደ ኖርዌይ ባንዶች፣ ወደ ሌላ ዓይነት ብርድ ሄዷል። ያሳተመላቸው ሰው ስድስት መቶ ቅጂ አውጥቶ በዓመቱ ሱቁን ዘጋ። የወጣለት አስተያየት አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ትንሽ መጽሔት በሁለት መስመር እንዲህ አለ፤ "ጊታሩ መልካም። ከበሮ መቺው ግን እስከ ሦስት እንኳ መቁጠር አይችልም።"

ቪቬካ ይህን ያነበበችው ኪዮስክ ፊት ቆማ ነው። ሰው ሕመሟን እንዳያይባት ሳቀች። መጽሔቱን ገዝታ ቤቷ ገባች። ሌላ ቢሏት ትችለው ነበር፤ ሴት መሆኗን ቢሉ፣ ኃይል የላትም ቢሉ። ግን እስከ ሦስት መቁጠር ከአያቷ የወረሰችው ብቸኛ ነገር ነበር። በወሩ ከበሮዋን ሸጠች፤ በሦስተኛው ዓመት ፋብሪካ ገባች። ቶርቢዮን ፋሉን ሄዶ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ሆነ። ዮርገን፣ ያ የሚያጓራው፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ሆኖ ለሦስት ዓመት ሕፃናት በለሆሳስ ተረት ያነባል። ሮኒ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በልብ ሕመም ሞተ። ቪቬካ ለቀብሩ ሄዳ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ተመለሰች።

*

ቅዳሜ ዕለት ሬዛ ሸክላውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ማጫወቻውን በብብቱ ይዞ ቪቬካ ቤት መጣ። ቪቬካ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። እሱ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ክሬኗ ስር እየተመላለሰ ለመናት። ኢንተርኔቱ ላይም ራስክ እንዳልሞተ፣ ሴት እንደሆነች፣ ሐሙስ ሐሙስ የአተር ሾርባ እንደምትበላ ጽፎ፣ አንዱ ጀርመናዊ "ማስረጃ?" ብሎ መልሶለታል። እናቷ ጉድሩንም እዚያው ነበረች። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከላይኛው ፎቅ ትኖራለች፤ ቅዳሜ ወርዳ ከልጇ ጋር ቃላት መሙያ ትሠራለች። አልበሙን በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም፤ ያኔ "ጩኸት ነው" ብላ ትታዋለች።

ሬዛ መርፌውን አሳረፈ።

ቪቬካ የጠበቀችው ማፈር ነበር። ሃያ ዓመት የሆናት ልጅ ከበሮ ላይ ስትደናበር ልትሰማ ነው የተቀመጠችው። የሰማችው ሌላ ነው። በዚያ ዘመን ባንዶቹ ሁሉ ቤዙን ከጊታር ስር ይቀብሩት ነበር፤ እዚህ ግን የሮኒ ቤዝ ብቻውን ይገባል፣ የራሱን መንገድ ይሄዳል፤ ጊታሩ ሲወርድ እሱ ይወጣል። ቶርቢዮን ጊታሩን ክሮቹ እስኪረግቡ ዝቅ አድርጎ ቃኝቶታል፤ በእግሩ የሚረግጣትን የድምፅ ማሻከሪያ ሳጥን መዘውሮች ሁሉ እስከ መጨረሻ አዙሯቸዋል፤ ድምፁ ቆርቆሮ እንደ መቅደድ ነው። ግን ከዚያ መቀደድ ውስጥ ዜማ ይሰማል፤ የሚያሳዝን፣ አሮጌ፣ የአገሬው። ዮርገን እንደ ሌሎቹ ሁሉን ቦታ በጩኸት አይሞላም፤ አንድ ቃል ይጥላል፣ ያፈገፍጋል። ቃሉም እንደ ሌሎቹ በእንግሊዝኛ አይደለም፤ በገዛ ቋንቋቸው ነው፤ ስለ ማቅለጫው፣ ከሥራ ተመልሰው ስለማይናገሩ አባቶች።

ሁሉንም የተሸከመው ግን ከበሮው ነው። አንደኛው ይቸኩላል፣ ሁለተኛው ይለጠጣል። ጊታሩ ይከተለዋል፣ ይወላከፋል፣ ይወድቃል ስትል ሦስተኛው ከስሩ ይገባና ያነሣዋል። ቪቬካ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። አንድም የተዛነፈ ነገር የለም። አልበሙን በስሙ የሚጠራው ዘፈን መካከል ላይ ሁሉም ባንድ ጊዜ ዝም ይላሉ። ሸክላው ይዞራል፣ የጊታሩ ማጉያ ሲያንጎራጉር፣ የቪቬካ ወንበር ሲንቋረር ይሰማል። ሰው ይህ ዘፈን አለቀ ይላል። ከዚያ ሦስተኛው ምት ይወድቃል።

ሬዛ አንገቱን እየነቀነቀ ዓይኑን ጨፍኗል። ቪቬካ ግን ሌላ ድምፅ ሰማች፤ ከጠረጴዛው ስር። ዝቅ ብላ አየች። የእናቷ ነጠላ ጫማ ነው፤ ወለሉን እየደለቀ፣ ከምቱ ሳይዛነፍ።

"እማ?"

ጉድሩን እግሯን አላቆመችም። "ይህ የአባቴ እግር ነው" አለች። "እንዲህ ያለ ነገር ሠርተሽ ሠላሳ ዓመት ስትደብቂኝ ኖርሽ? ምን ዓይነት ልጅ ነሽ አንቺ?"

"መቁጠር አትችልም ብለው ጻፉብኝ።"

"ማነው ያለው?"

"አንድ መጽሔት።"

"ከየት ነው እሱ?"

"ከስቶክሆልም።"

"እህ!" አለች ጉድሩን፤ ነገሩ በዚያ አለቀ። "መልሰህ አጫውተው" አለችው ሬዛን።

ሦስት ጊዜ ሰሙት። በሦስተኛው ቪቬካ መቀመጥ አቅቷት ቆመች። ውስጧ የሆነ ነገር እንደ ጸደይ በረዶ እየተሰነጠቀ፣ እየተንኳኳ ይወርዳል። ስልኳን አንሥታ ቶርቢዮን ጋ ደወለች። ከሮኒ ቀብር ወዲህ አልተነጋገሩም።

"ቪቬካ ነኝ።"

"ማን ሞተ?" አለ ቶርቢዮን።

"እኔ ነኝ አሉ። ስማ፣ ሦስተኛውን ምት አሁን ሰማሁት። ቶርቢዮን፣ ትክክል ነው። ሁሉም ትክክል ነው።"

"እሱንማ ሁልጊዜም አውቃለሁ" አለ። ያን ጊዜ ለመጽሔቱ አራት ገጽ መልስ ጽፎ እንደነበር፣ ሳይልከው እንደቀረ፣ ለእሷም አንድ ቃል ሳይነግራት ዝም በማለቱ ሲጸጸት እንደኖረ ነገራት። ቪቬካ አስጨረሰችው። ከዚያ፣ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ነጻ እንደሆነ ጠየቀችው።

*

ምድር ቤቱ እዚያው ነበር። የሮኒ አባት ቢሞትም የእሳት አደጋ ጣቢያው አለቃ ቁልፉን ሰጣቸው። ከበሮ ግን አልነበረም። በከተማው ያለው ደህና ከበሮ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ብቻ ነው፤ ዮርገን፣ የፓስተሩን መንታ ልጆች የሚያስተምረው እሱ ስለሆነ፣ ሄዶ ለመነ።

ፓስተሩ ዘፈኑ ስለምን እንደሆነ ጠየቀው። ዮርገን ስለ እቶን ነው አለ።

"ስለ ዘላለሙ እቶን?"

"አይ፣ ስለ ሁለት ቁጥሩ" አለ ዮርገን፤ የፋብሪካውን ማለቱ ነው። ከበሮው በነጋታው በጸሎት ቤቱ መኪና ተጭኖ መጣ።

የሮኒን ቤዝ ሚስቱ አዋሰቻቸው፤ የተጫወተው ሬዛ ነው። ሌላ ሰው ማሰብም አላስፈለጋቸው፤ እያንዳንዷን ድምፅ በቃሉ ያውቃታል፤ ሮኒ የሳታትን ሳይቀር። "እሷንም ልሳታት ወይስ ላስተካክላት?" ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም ሳቁ። ሳታት አሉት፤ የሮኒ ናት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን መከራ ነበሩ። የዮርገን ጉሮሮ ዛገ። ቶርቢዮን ከአውቶቡስ መሪ በቀር የያዘው ነገር ስላልነበረ ጣቶቹ ደሙ። ቪቬካም ትመታለች፣ ምቱ ሁሉ በቦታው ይውላል፤ ነፍስ ግን የለውም። እንደ ክሬኑ ነበር የምትመታው፤ ሚሊሜትር እየለካች። ያቺ የመጽሔቱ ሁለት መስመር ከኋላዋ ቆማ ምቷን ትቆጥርባት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቶርቢዮን ጊታሩን አስቀመጠ።

"እየቆጠርሽ ነው" አላት።

"አዎ እየቆጠርኩ ነው። ምን ላድርግ?"

"መቁጠርሽን አስመሰከርሽ። በቃ ተይው። አያትሽ ቆጥሮ ያውቃል?"

ቪቬካ አሰበች። ጫማዋን አወለቀች፤ ካልሲዋንም። ባዶ እግሯን ፔዳሉ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ሬዛ ቤዙን ጀመረ፣ ጊታሩ ገባ፣ እሷም ገባች፤ አንደኛው ቸኮለ፣ ሁለተኛው ተለጠጠ፣ ተለጠጠ፣ ቶርቢዮን እስትንፋሱን ያዘ፣ ሦስተኛው ወደቀ። ከጣሪያው አቧራ ረገፈ። ላይ ያሉት የእሳት አደጋ ሠራተኞች አንድ ነገር የፈነዳ መስሏቸው ደረጃውን እየሮጡ ወረዱና፣ አራት ሰው እንደ ሕፃን ተያይዞ ሲዘል አገኙ። ከአራቱ ሦስቱ ከሃምሳ በላይ ነበሩ።

*

ስላግሆግ እንደገና ለሕዝብ የተጫወተበት ዝግጅት በግንቦት፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በግራንሂታ የሕዝብ አዳራሽ ተደረገ። ሰዓቱ ለዚህ ዓይነት ሙዚቃ እንግዳ ነው፤ ግን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አዳራሹ በቢንጎ ተይዟል። ቪቬካ ሠላሳ ሰው ይመጣል ብላ ነበር፤ ከሁለት መቶ በላይ መጣ። ከጠዋት ፈረቃ የወጡት ቱታቸውን ሳይቀይሩ መጡ። ማስረጃ የጠየቀው ጀርመናዊ ከሃምቡርግ በመኪና መጥቶ ከፊት ረድፍ ቆመ። የዮርገን ሕፃናት ጆሯቸው ላይ ትልልቅ መከላከያ አድርገው ወላጆቻቸው ትከሻ ላይ ተቀምጠዋል። ፓስተሩም ከበሮውን ሊያይ መጣሁ ብሎ መጥቷል። ሩኔ በሩ አጠገብ ወንበር ይዞ፣ ጆሮውን በጥጥ ወትፎ "እኔ ለቡናው ነው የመጣሁት" ይል ነበር።

ያልተጠበቁት የባህል ጭፈራ ማኅበሩ ሰዎች ናቸው። ጉድሩን ለዓመታት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበረች፤ ሁሉንም በየቤታቸው እየደወለች ጠርታቸዋለች። ከእሷ ጋር አሥራ አራት ሽማግሌና አሮጊት፣ የጭፈራ ጫማቸውን በከረጢት ይዘው፣ ከግድግዳው ጥግ ተደርድረው ቆሙ። ፊታቸው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች እንደ ጎርፍ ሄዱ። ወጣቶቹ ጸጉራቸውን ያወናጭፋሉ፣ ጀርመናዊው ያለቅሳል፣ ዮርገን ከደረቱ ስር ያጓራል፤ ከትከሻ ላይ አንዲት ሕፃን "መምህራችን ድብ ሆነ!" ብላ ጮኸች። ቪቬካ ላቧ በቅንድቧ ይወርዳል፤ በደስታ ብዛት ጥርሷ ይጋጫል። ከዚያ የአልበሙ ስም የሆነው ዘፈን መጣ።

ቤዙ ገባ። ምቱ ገባ። ከጥጉ ኤቫልድ የሚባል፣ በማኅበሩ ውስጥ ሃምሳ ዓመት የጨፈረ ረጅም ሽማግሌ አንገቱን ቀና አደረገ። አዳመጠ። ግራና ቀኝ አየ፤ ሌሎቹም እሱን ያዩታል። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ቀየረና ጉድሩን ፊት ቆሞ እጁን ዘረጋ።

ቪቬካ ይህን ከከበሮው ጀርባ ታየዋለች። እናቷ፣ የሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ጉድሩን፣ ቦርሳዋን ለፓስተሩ አስይዛ ወደ መሐል ወጣች። ሁለቱ ዞሩ። ፖልስካ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ቆርቆሮ ከሚቀድደው ጊታር ስር እግራቸው መሬቱን አግኝቶታል። ሌሎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ተከተሏቸው። ጸጉራቸውን የሚያወናጭፉት ወጣቶች ቦታ ለቀቁላቸው፤ በመሐል የሚዞር ክበብ፣ በዙሪያው የሚዘል ክበብ ሆነ። ዮርገን ቃሉ ጠፍቶት ሳቁን አጓራው።

ከዚያ ጸጥታው መጣ። ባንዱ ባንድ ጊዜ ዝም አለ። ጨፋሪዎቹ ከምቱ ጋር ነበሩና አንድ እግራቸውን እንዳነሡ ቀሩ፤ ሰባቱም ጥንድ፣ ጉድሩን የኤቫልድን ክንድ ይዛ፣ ጫማዋ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ። ማጉያው ያንጎራጉራል። ሁለት መቶ ሰው እስትንፋሱን ይዟል። ቪቬካ ዱላዋን ወደ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ከሸክላው ላይ ካለው ይልቅ ቆየች፤ እናቷ ቀና ብላ እስክታያት ድረስ። አልቆጠረችም። ሲመጣ አወቀችው።

መታች። እግር ሁሉ አብሮ ወደቀ። የአዳራሹ ወለል እንጨት ነው፤ ድምፁ ከማጉያዎቹ በለጠ። በሩ ዘንድ ሩኔ ጥጡን ከጆሮው ነቅሎ ቆሞ ነበር።

*

በበጋው ከጎተንበርግ አንድ ትንሽ አሳታሚ ደውሎ አልበሙ እንደገና በሸክላ ወጣ፤ በዚህኛው ሽፋን ላይ የአራቱም ሙሉ ስም ተጽፏል። የሮኒ ሚስት የመጀመሪያውን ቅጂ ወሰደች። አንድ ጸሐፊ ረጅም ጽሑፍ ጽፎ፣ ከበሮው እንዴት እንደተሠራ ለመግለጽ አንድ ገጽ ፈጅቶበት በመጨረሻ አቅቶታል። ቪቬካ አንብባው ለእናቷ ሰጠቻት፤ ጉድሩን ሁለት የፊደል ስሕተት አገኘችበት።

ቪቬካ ክሬኗን አልተወችም። ብረቱ የሚሄድበት ቦታ አለው፤ እጇም እንደ በፊቱ የረጋ ነው። የተለወጠው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ፈረቃዋ ሲያልቅ ሬዛ ፋብሪካው በር ላይ መኪናውን አስነሥቶ ይጠብቃታል፤ ምድር ቤት ሲደርሱ ቶርቢዮንና ዮርገን እየተጨቃጨቁ ያገኟቸዋል። አዲስ ዘፈን ጀምረዋል። ቶርቢዮን ያመጣው ሐረግ በአምስት ምት የሚሄድ፣ ጭራውም ራሱም የማይያዝ ነገር ነው። ዮርገን ይህ ሰው የሚዘፍንበት አይደለም ብሎ ምሏል። ሬዛ በሦስትም በአምስትም ሞክሮ ጣቱ ተጠላልፏል። ባለፈው ሐሙስ ቪቬካ ጫማዋን እያወለቀች ሰማቻቸው፤ ሰማቻቸው፤ ከዚያ ሁለቱን ተጨቃጫቂዎች በዱላዋ ጫፍ ከመንገዷ ገፋ አድርጋ ከበሮው ዘንድ ተቀመጠች።

"እስቲ ቀስ አድርገህ ከመጀመሪያው ጀምረው" አለችው ቶርቢዮንን።